የነፍሰ ጡር ስኳር፦ በክኒን ወይስ በኢንሱሊን?



ዛሬ የምንነጋገረው አንድ ሰው ወስዶት ሁለት ሰው ስለሚደርሰው መድኃኒት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ስኳሯ ከፍ ማለቱ ሲነገራት፣ ብዙውን ጊዜ ከአፏ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ክኒን የለውም ወይ?» የሚል ነው። መርፌ ያስፈልግሻል ስትባል ፊቷ ይለወጣል። አብራት የመጣችው እናቷ ወይም አማቷም «መርፌ አንዴ ከተጀመረ እኮ አይለቅም» ትላለች። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስጋቱም የሚናቅ አይደለም። ሁለቱም ግን በግምት ሳይሆን በማስረጃ ሊመለሱ ይገባል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ኢንሱሊን በሚገኝበት፣ በአግባቡ በሚቀመጥበትና በትክክል በሚወጋበት ቦታ ሁሉ ለነፍሰ ጡር የመጀመሪያው ምርጫ ኢንሱሊን ነው። ሜትፎርሚን የሚባለው ክኒን በቂ ምክንያት ሲኖር ተገቢ ቦታ አለው። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ሌላው ክኒን ግን፣ ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ፣ ከዚህ ምርጫ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ የደረስኩት እንዴት እንደሆነ አስረዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በእናት ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ሲል ሕፃኑ ዘንድ ምን ይሆናል? እንግዴ ልጁን እንደ ወንፊት ብናስበው ነገሩ ይቀልልናል። ስኳር ትንሽ ስለሆነ ሾልኮ ያልፋል። ኢንሱሊን ግን ትልቅ ፕሮቲን ስለሆነ አያልፍም። ስለዚህ ሕፃኑ የእናቱን ስኳር ይቀበላል፤ ስኳሩን የሚያወርድለትን የእናቱን ኢንሱሊን ግን አያገኝም። የራሱ ትንሽ ቆሽት ሥራውን ትረከባለች። ኢንሱሊን ታመርታለች፣ አሁንም ታመርታለች። ኢንሱሊን ደግሞ ስኳር ከማውረዱም በላይ ስብ የሚያስቀምጥና ሰውነት የሚያሳድግ ሆርሞን ነው። የዴንማርኩ ሐኪም የርገን ፔደርሰን በ1950ዎቹ ያስረዳው ይህንኑ ነበር፤ እስካሁንም የዚህ ሕክምና መሠረት ነው። ሕፃኑ ከልክ በላይ ይገዝፋል፣ ሲወለድ ትከሻው ሊያዝ ይችላል፣ እናቲቱ ለቀዶ ሕክምና ትጋለጣለች። እትብቱ ሲቆረጥ ከእናቱ ይመጣ የነበረው ስኳር ወዲያው ይቋረጣል። የሕፃኑ ቆሽት ግን ልማዷን ቶሎ አትተውምና ስኳሩ በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ አደገኛ ደረጃ ሊወርድ ይችላል።

እንግዲህ የማንኛውም መድኃኒት የመጀመሪያ ፈተና የእናቲቱን ስኳር ማውረዱ ነው። ሁለተኛው ፈተና በዚያ ወንፊት በኩል ማለፍ አለማለፉ፣ ካለፈም ሕፃኑ ዘንድ የሚሠራው ሥራ ነው። ክኒንና መርፌ የሚለያዩት እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት የስኳር ሕመም ያለባት ሴት መፀነሷ ራሱ ብርቅ ነበር፤ የፀነሰችም ብዙ ጊዜ ወይ ሕይወቷን ወይ ልጇን ታጣ ነበር። በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት አወጡ። በጃንዋሪ 1922 ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ከዚያ ወዲህ ነፍሰ ጡሮች በኢንሱሊን መታከም ከጀመሩ አንድ ምዕተ ዓመት ሆኗል። ይህን ያህል ዘመን በነፍሰ ጡሮች ላይ የተፈተነ ሌላ የስኳር መድኃኒት የለንም።

በእርግዝና ክኒን የመስጠት ሙከራ ቀድሞ ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ በአህጉራችን መሆኑ ብዙ አይነገርም። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን፣ በግሩተ ስኹር ሆስፒታል፣ ኩትሲና ጃክሰን የሚባሉ ሐኪሞች በ1970ዎቹ ለዓይነት 2 ስኳር ነፍሰ ጡሮች ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይሰጡ ነበር፤ ውጤታቸውንም ከ1979 ጀምሮ በሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በጊዜው ሌላው ዓለም ብዙም አልተከተላቸውም።

ነገሩን የቀየረው በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው። ኦዴድ ላንገርና ባልደረቦቹ በቴክሳስ 404 ነፍሰ ጡሮችን በዕጣ ከፍለው፣ ለግማሾቹ ግሊቤንክላማይድ፣ ለግማሾቹ ኢንሱሊን ሰጡ። የእናቶቹ ስኳር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆነ። ሰውን ሁሉ ያስደሰተው ግን ሌላ ግኝት ነበር፦ ከእትብት በተወሰደው ደም ውስጥ ግሊቤንክላማይድ አልተገኘም። ወንፊቱን የማያልፍ ክኒን ተገኘ ተባለ። ርካሽ ነው፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ አይወጋም፣ ሕፃኑንም አይነካም። ማን ይጠላዋል? በአሜሪካ በመድኃኒት ከሚታከሙ የእርግዝና ስኳር ታማሚዎች መካከል ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱት በ2000 ከ100 ወደ 7 ገደማ ነበሩ፤ በ2011 ከ100 ወደ 65 ገደማ ደርሰዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በእትብቱ ደም ውስጥ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አልነበረም። የጊዜው መለኪያ ትንሽ መጠን መያዝ አይችልም ነበር። የተሻለ መለኪያ ሲመጣ፣ በ2009 የታተመ ጥናት በእትብት ደም ውስጥ ያለው ግሊቤንክላማይድ ከእናትየው ደም ወደ 70 በመቶ እንደሚደርስ አሳየ። ይህ ክኒን ደግሞ ቆሽትን «ኢንሱሊን አውጪ» ብሎ የሚጎተጉት መድኃኒት ነው። የእናትን ቆሽት እንደሚጎተጉት የሕፃኑንም ይጎተጉታል። ከላይ እንዳልኩት ሕፃኑ የሚጎዳው በራሱ ኢንሱሊን መብዛት ነው። መድኃኒቱ ልናስቀረው የሄድነውን ነገር ራሱ ሊያባብስ ይችላል ማለት ነው።

ውጤቱም ይህንኑ መሰለ። በ2015 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ፣ ግሊቤንክላማይድ ከወሰዱ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ይበልጥ እንደሚገዝፉና ከተወለዱ በኋላ ስኳራቸው አብዝቶ እንደሚወርድ አሳየ። በ2018 የታተመው የፈረንሳዩ ጥናት 914 እናቶችን አካቶ፣ ክኒኑ ከኢንሱሊን እንደማያንስ ማረጋገጥ አልቻለም፤ የሕፃናት ስኳር መውረድ በክኒኑ ወገን 12.2 በመቶ፣ በኢንሱሊኑ ወገን 7.2 በመቶ ነበር። በአገራችን ግሊቤንክላማይድ ለዓይነት 2 ስኳር ሲሰጥ የኖረ፣ በየመድኃኒት ቤቱ የሚታወቅ ክኒን ነው። ስለዚህ ይህን ክኒን እየወሰደች የፀነሰች ሴት ከመካከላችን ብትኖር፣ በራሷ ውሳኔ ሳታቆመው በዚያው ሳምንት ሐኪሟን ታግኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስኳር ያለ መድኃኒት ከፍ ብሎ መቆየቱ በሕፃኑ ልብና አከርካሪ አፈጣጠር ላይ አደጋ ያመጣልና።

ወደ ሜትፎርሚን ልሂድ። ይህኛው ሥራው ሌላ ነው። ቆሽትን አይጎተጉትም፤ ጉበት የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል፣ ሰውነትም ለራሱ ኢንሱሊን የተሻለ ምላሽ እንዲሰጥ ያግዛል። ስለዚህ ለብቻው ሲወሰድ የእናትን ስኳር ከልክ በታች የማውረድ ባሕርይ የለውም ማለት ይቻላል። ወንፊቱን ግን ያለ ችግር ያልፋል፤ በሕፃኑ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ከእናቱ ጋር የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ነው።

ትልቁ ፈተናው በአውስትራልያና በኒውዚላንድ የተካሄደው፣ ጃኔት ሮዋን የመራችውና በ2008 የታተመው ጥናት ነው። 751 እናቶች ተሳትፈውበታል። የሕፃናቱ ችግሮች ተደምረው ሲታዩ በሜትፎርሚኑ ወገን 32.0 በመቶ፣ በኢንሱሊኑ 32.2 በመቶ ሆኑ፤ እኩል ናቸው ማለት ነው። ከባድ የስኳር መውረድ ሜትፎርሚን ከወሰዱ እናቶች በተወለዱት ሕፃናት ላይ ያነሰ ሲሆን፣ ያለጊዜው መወለድ ግን በዚያው ወገን ትንሽ በዛ። እናቶቹ እንደገና ብትፀንሱ የትኛውን ትመርጣላችሁ ተብለው ሲጠየቁ ሜትፎርሚን ከወሰዱት 76.6 በመቶዎቹ ያንኑ እንመርጣለን አሉ፤ ኢንሱሊን ከወሰዱት ግን ያንኑ እንመርጣለን ያሉት 27.2 በመቶ ብቻ ናቸው። የሴቶቹ ድምፅ በግልጽ የተሰማበት ጥናት ነው፤ ሐኪም የሆነ ሁሉ ሊሰማው ይገባል።

ሆኖም የዚያው ጥናት አንድ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይዘለላል፦ በሜትፎርሚን ከጀመሩት ውስጥ 46.3 በመቶዎቹ ስኳራቸው ስላልወረደ ኢንሱሊን ተጨምሮላቸዋል። ግማሽ ያህሉ ናቸው! ስለዚህ አንዲት እናት ክኒን ስትጀምር «ከመርፌ አመለጥሽ» ማለት ነገ ላይፈጸም የሚችል ተስፋ መስጠት ነው። «በዚህ እንጀምር፤ በሳምንት ሁለት ሳምንት ካልበቃ መርፌ እንጨምራለን» ብሎ መንገር ይሻላል።

ልጆቹስ ሲያድጉ? ከዚሁ ጥናት የተወለዱት ልጆች ተከታትለው ታይተዋል። በአደላይድ በ7 ዓመታቸው ልዩነት አልታየም። በኦክላንድ በ9 ዓመታቸው ሜትፎርሚን የደረሳቸው ልጆች ክብደታቸውና የወገባቸው ዙሪያ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በሌላ በኩል፣ በዋናነት በካናዳ በተካሄደና በ2020 በታተመ ጥናት፣ ለዓይነት 2 ስኳር ታማሚ ነፍሰ ጡሮች ከኢንሱሊን ጋር ሜትፎርሚን ሲጨመር የእናቶቹ ክብደትና የሚያስፈልጋቸው ኢንሱሊን ቀንሷል፤ ከልክ በላይ የገዘፉ ሕፃናትም አነሱ። ነገር ግን ለእርግዝና ዕድሜያቸው ያነሱ ሆነው የተወለዱት 13 በመቶ ደረሱ፤ ሜትፎርሚን ካልተጨመረላቸው 7 በመቶ ነበሩ። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ሕፃኑ ማደግ ባቆመበት፣ እንግዴ ልጁ በቂ ደም በማያሳልፍበት ወይም የእርግዝና ደም ግፊት ባለበት ሁኔታ ሜትፎርሚን እንዳይሰጥ የሚመከረውም በዚህ ስጋት ነው።

በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ከኔዘርላንድ 820 እናቶችን ያካተተ ጥናት ወጣ። አንዱ ወገን በሜትፎርሚን ጀምሮ፣ ካልበቃ ግሊቤንክላማይድ፣ ያም ካልበቃ ኢንሱሊን ይጨመርለታል። ሌላው ወገን በኢንሱሊን ብቻ ይታከማል። በክኒኑ ወገን 79 በመቶ የሚሆኑት ያለ ኢንሱሊን ወለዱ። ከልክ በላይ የገዘፉት ሕፃናት ግን በክኒኑ 23.9፣ በኢንሱሊኑ 19.9 በመቶ ሆኑ፤ ክኒኑ «አያንስም» ለመባል የተቀመጠለትን መስፈርት አላለፈም። የእናቶቹ ስኳር ከልክ በታች መውረድም በክኒኑ ወገን በዛ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ኢንሱሊን ሆኖ ሳለ ስኳርን አብዝቶ ያወረደው የክኒኖቹ ጥምረት ሆነ።

እነዚህን ጥናቶች አይተው ታላላቆቹ ተቋማት አንድ ድምፅ አልሆኑም። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ኢንሱሊንን ያስቀድማል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ደግሞ ምግብና እንቅስቃሴ በአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ካልበቁ ሜትፎርሚንን ያስቀድማል፤ በምርመራው ቀን የባዶ ሆድ ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ወዲያውኑ ኢንሱሊን ይላል። ያነበቡት አንድ ዓይነት ጥናት ነው። የተለያዩት አንዱ ስለ ልጁ የሩቅ ዘመን ያለውን ጥርጣሬ፣ ሌላው የእናቲቱን ምቾትና የሕክምናውን ቅለት በማስቀደሙ ነው። እኔ የመጀመሪያው ወገን ያመዝንብኛል፤ ልጁ ስለሚደርሰው መድኃኒት አስተያየት የሚሰጥበት መንገድ የለውምና። ዓይነት 1 ስኳር ያለባት ነፍሰ ጡር ጉዳይ ግን ለክርክር አይቀርብም። የእሷ ሰውነት ኢንሱሊን ስለማያመርት፣ ኢንሱሊኑን በክኒን መተካት ሕይወቷን መንጠቅ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ከጥናት ገጽ ነው፤ ኑሮ ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው። ፍሪጅ የሌላት፣ መብራት የሚጠፋባት፣ የስኳር መለኪያና ስትሪፕ መግዛት የሚከብዳት፣ ጤና ጣቢያዋ ሩቅ የሆነ እናት አለች። ኢንሱሊን ያለ መለኪያ መውጋት አደገኛ ነው። ለእንዲህ ዓይነቷ እናት በየቀኑ የምትውጠው ሜትፎርሚን፣ ታዝዞላት ከማትወጋው ኢንሱሊን ይሻላል። ይህን ለሐኪሟ በግልጽ መናገር መብቷ ነው፤ «እሺ» ብላ ወጥታ ብልቃጡን ቁምሳጥን ውስጥ ከማስቀመጥ «አልችልም፣ በዚህ ምክንያት» ማለት ሕፃኑን ያድነዋል።

አስቀማመጡ ግን አብዛኛው ሰው እንደሚያስበው የማይቻል አይደለም። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል፤ በረዶ ከነካው ይጣላል። የተከፈተው ግን ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ፣ በጥላ ቦታ፣ አንድ ወር ገደማ ይቆያል። ቆላ ውስጥ ደግሞ እርጥብ አሸዋ የተሞላ የሸክላ ዕቃ ሙቀቱን ይቀንሳል፤ ውኃውን በየቀኑ ማርከፍከፍ ይገባል። ደመናማው ኢንሱሊን ከመቀዳቱ በፊት በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ብሎ ይንከባለል። ጥርት ማለት ያለበት ኢንሱሊን ከደፈረሰ ግን አይወጋም።

አወሳሰዱም እንደሚፈራው አይደለም። ሌሊት ሲነጋ የባዶ ሆድ ስኳሯ ብቻ ከፍ ለሚል እናት ማታ ስትተኛ የምትወጋው አንድ የረጅም ሰዓት ኢንሱሊን ሊበቃት ይችላል። ከምግብ በኋላ ለሚጨምርባት ደግሞ ከምግብ በፊት አጭሩ ይጨመራል። ግቡ የባዶ ሆዱ ከ95 በታች፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ120 በታች ነው። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ የሚያስፈልጋት ዩኒት ይጨምራል፤ ይህ የሕመሙ መባባስ ሳይሆን እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ኢንሱሊንን ስለሚቃወሙ ነው። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መጨመር ከተሰማት ስኳሯ ወርዷል፤ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣ ትጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ትለካ። ባሏም ቤተሰቧም ይህን ማወቅ አለባቸው።

ከመድኃኒት ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። የአሜሪካው ማኅበር እንደሚለው ከ100 የእርግዝና ስኳር ታማሚዎች ከ70 እስከ 85 የሚሆኑት በምግብና በእንቅስቃሴ ብቻ ይቆጣጠሩታል። እንጀራውን ማሳነስ፣ ምስሩንና ጎመኑን ማብዛት፣ ለስላሳና ጁስ መተው፣ ከምግብ በኋላ መራመድ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። ጾምን በተመለከተ፣ ኢንሱሊን የምትወጋ ነፍሰ ጡር እስከ ቀትር በኋላ ምንም ሳትቀምስ ቆይታ ከዚያ ብዙ መብላቷ በሁለቱም ጫፍ ይጎዳታል። ኦርቶዶክሳዊቷ የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ሙስሊሟም በረመዳን ለራሷም ለልጇም ከሰጋች ሃይማኖቷ ፈቅዶላታል።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወደጠቀስኩት የእናቷ ወይም የአማቷ ስጋት ልመለስ። «መርፌ ከተጀመረ አይለቅም» የሚለው በእርግዝና ለተከሰተ ስኳር ትክክል አይደለም። ስኳሩን ያመጣው የእንግዴ ልጁ ሆርሞን ነው፤ እንግዴ ልጁ ሲወጣ የኢንሱሊን ፍላጎቷ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፣ ብዙዎቹም መርፌውን እዚያው ማዋለጃ ክፍል ይተውታል። ይህ ስጋት የተወለደው፣ ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸውን ወይም ሕመማቸው ገፍቶ ኢንሱሊን የጀመሩ ዘመዶቻችንን ከማየት ይመስለኛል። እነሱን መርፌው አልያዛቸውም፤ ሕመሙ ነው መርፌውን ያስፈለጋቸው።

የሚቀጥለው ነገር ግን እውነት ነው፦ በእርግዝና ስኳር የያዛት እናት በኋለኛው ዕድሜዋ ዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች እናቶች ሰባት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ክኒን ወሰደችም መርፌ ተወጋችም ይህ አይለወጥም። ስለዚህ ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የ75 ግራም ግሉኮስ ምርመራ ያስፈልጋታል፤ ከዚያም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ መለካት አለባት። ይህ ምርመራ በየቦታው የሚረሳ ነው፤ አራስ ቤት ገንፎውና አጥሚቱ ሲበዛ፣ ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ፣ ስለ እናቲቱ ስኳር የሚያስብ ሰው አይገኝም። ሕፃኑ ግን በ6ኛው ሳምንት ክትባት አለው፤ ክትባቱን የሚዘነጋ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስለዚህ እናቲቱ ለክትባቱ ከመሄዷ በፊት ምርመራው የሚደረግበትን ቦታና ቀን ትጠይቅ፤ በዚያው የክትባት ቀን የሚቻል ከሆነ በዋዜማው ማታ ከበላች በኋላ ከውኃ በቀር ምንም ሳትቀምስ፣ በእርግዝናዋ ጊዜ የስኳር ልኬቷ የተጻፈበትን ወረቀት ይዛ ትሂድ። የሁለት ሰዓት ምርመራ ስለሆነ ሕፃኑን እያጠባች ልትጠብቅ ትችላለች።